ለደርያ የተባለ አሜን

ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥን የለም። ይህን ስናገር ድሮ ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር፤ አሁን ግን ጥርሱን እንደሚያመው ሰው አፌን ይዤ ነው የምናገረው። ምክንያቱም ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት የምኖረው እኔ፣ ስለ አንዲት የቴሌቪዥን ሴት የማላውቀው ነገር የለም። የምትወደውን ቀለም አውቃለሁ። አማቷ ለምን እንደምትጠላት አውቃለሁ። የታሰረችበትን ክፍል ቁጥር ብትጠይቁኝ አልሳሳትም። የገዛ ልጄ የምትወደው ቀለም ምን እንደሆነ ግን በቅርቡ ጠይቄ ነው ያወቅሁት፤ እሱንም የነገረችኝ እናቷ ናት።

ሰፈሬ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ነው። በሰፈራችን በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ በመጀመሪያ ልጄ ስም «የኛማል አባት» እባላለሁ። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በኢታንግ መንገድ ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ እሄድና፣ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ በአማርኛ ያለውን ለበሽተኛው በኑዌርኛ፣ በሽተኛው በኑዌርኛ ያለውን ለሐኪሙ በአማርኛ እናገራለሁ። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ከደጋ አገር ሰባኪ ሲመጣ፣ ከጎኑ ቆሜ አፉ የምሆነው እኔ ነኝ።

አማርኛን ያስተማረኝ ሰው የለም። ስኳርና ጨው ከተጠቀለለባቸው ጋዜጦች ላይ ፊደል እየለቀምኩ ነው ያነበብኩት። ጋዜጣው ሁልጊዜ ተቀዶ ስለሚመጣ ብዙ ነገር የማውቀው እስከ ግማሹ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሌላ ሰው ጨው ወስዶታል። በኋላ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ገዛሁ። እሱ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው። ቀና ብዬ መሄድ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሳልጠየቅ ሰው መምከርም እንደዚሁ።

በቤቴ ያለው ሕግ አንድ ነው። እግዚአብሔር ይቅደም። የሚቀድምበትም ሰዓት ታውቋል፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም ተቀምጠን ቃሉ ይነበባል። ዝናብ ቢዘንብም፣ እንግዳ ቢመጣም፣ ፍየል ቢጠፋም ይነበባል። የባለቤቴ ወንድም አንድ ጊዜ ከኢታንግ መጥቶ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ ሰዓቱ ስለደረሰ አራት ሙሉ ምዕራፍ አንብቤለታለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ጫማውን ይፈልጋል። ሥራ የሚበዛበት ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ኛማል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ሰማያዊ በርሜል አለ። በየማለዳው ከቦኖ በጀሪካን ውሃ እያመጣች ስትሞላው ትዘምራለች። በርሜሉ ባዶ ሲሆን ድምጿን ተቀብሎ ያጎላዋል፤ ውሃው ከፍ እያለ ሲመጣ ድምጿ እየቀረበ፣ እየጠራ ይሄዳል። እኔ ከአልጋዬ የምነሳው በርሜሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ሌላ ደወል አልነበረኝም። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥም መሪዋ እሷ ነበረች፤ ክረምቱ ሲወጣ ኢታንግ ላይ በሚደረገው ጉባኤ ብቻዋን ቆማ እንድትዘምር ተመርጣ ነበር። ድምጿን እንደምወደው አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። ልጅን ማመስገን ልጅን ማበላሸት ነው ብዬ አምን ነበር። ምን ያላመንኩት ነገር አለ!

ከቤታችን ፊት ለፊት የጋሽ ሰይድ ሱቅ አለ። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው እዚህ የከረሙ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ከሰው ጋር ተጣልተው የማያውቁ ነጋዴ ናቸው። ቴሌቪዥናቸው በሳሙናውና በቲማቲም ጣሳው መካከል መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እና ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ልክ እኔ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ወደ አማርኛ የተመለሰ ተከታታይ ድራማ እዚያ ይጀምራል። የመግቢያ ዜማው መንገድ ተሻግሮ ጓዳዬ ይገባል። ቃል የለውም፤ አንዲት ሴት «ሆ… ሆ…» እያለች ታንጎራጉራለች። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብባለሁ። እሷም ከፍ ታደርጋለች።

አንድ ምሽት ኛማልን ክብሪት ግዢ ብለን ላክናት። አሥራ ሁለት ሆነ፤ አልመጣችም። መጽሐፉ ተገልጦ፣ እናቷ ራሷን ተከናንባ፣ ታናናሾቿ እጃቸውን አጣምረው ጠበቅን። በመጨረሻ ተነስቼ መንገዱን ተሻገርኩ።

ሱቁ ሙሉ ነው። ሰው በስኳር ጆንያ ላይ፣ በለስላሳ ሳጥን ላይ፣ በሰው ጉልበት ላይ ተቀምጧል። ኛማል ክብሪቱን እንደያዘች መሐል ላይ ቆማለች። ጎረቤታችን አሮጊቷ ማማ ኛቦል የቀሚሷን ጫፍ ይዛታለች።

«ኛማል!» አልኩ።

«ሽሽሽ!» አለኝ ሱቁ በአንድ አፍ።

ኛማል ዞር አለች። «መጣሁ አባ። ሊያስሯት ስለሆነ ነው።»

«ማንን?»

«ደርያን።»

«የማን ልጅ ናት?» አልኩ ደንግጬ። የእውነት የሰፈር ልጅ መስላኝ ነበር።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሰይድ እንኳን ሚዛናቸውን ትተው ሳቁ። እኔ በሰፈሬ ሰው ፊት፣ በጸሎት ሰዓት፣ ለማትኖር ሴት ደንግጬ ተሳቀብኝ። ልጄን በክንዷ ይዤ ወጣሁ። ለምን እንደቆመች አልጠየቅኋትም። ያየሁት በቃኝ።

በሳምንቱ ጉዳዩን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አቀረብኩ። ሽማግሌዎቹ አምስት ነን። ከሳሹ እኔ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢያችን ወንድም ኮንግ ለስላሳ ሰው ነው፤ «ልጅ ናት እኮ፤ ምከራትና ይብቃ» አለኝ።

«ለድራማ የመጀመሪያውን ቦታ የሰጠ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ለእግዚአብሔር አይዘምርም» አልኩ። «በልጄ ካልጀመርኩ በማን ልጅ ልጀምር?»

ኛማል ለሦስት ወር ከመዘምራን ተለይታ እንድትቀመጥ ተወሰነ። ደብዳቤውን በእጄ ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት፤ የፊደሉ አጣጣል አላማረኝም ብዬ። «አንድም ቀን አይቀነስም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ጨምሬ ከሥሯ አሰመርኩባት። ሦስት ወሩ ሲቆጠር የኢታንጉ ጉባኤ መሐሉ ላይ ይወድቃል። ይህን አውቄው ነበር። እንዲሰማት ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች። በርሜሉ ሞልቷል። የሰማሁት ነገር የለም።

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ጨካኝ አባት ተብዬ እቀር ነበር፤ ይህን ያህል አያሳፍርም። ግን በዚያው ስብሰባ ላይ ወንድም ኮንግ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ለወጣቱ ሁሉ የሚሆን አንድ ደንብ ይጻፍ አለ። «ግን ስለ ድራማው የምናውቀው የለም። ማናችንም አይተነው አናውቅም» አለና ወለሉን ተመለከተ። ሌሎቹም ወለሉን ተመለከቱ። የዚያን ቀን ወለሉ ላይ ምን እንዳለ ብጠይቅ ኖሮ ከብዙ ነገር እተርፍ ነበር። «ከእኛ አንዱ አይቶ ያጥናው» ተባለ። እጄን አወጣሁ።

ድራማው ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ የሳምንቱ ሁሉ በአንድ ላይ ይደገማል። አዲስ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ሱቁ ሄድኩ። የጋምቤላ ሙቀት በዚያ ሰዓት ሰው አያስወጣም፤ ውሻ እንኳን የኒም ዛፍ ሥር ተዘርግቶ ዐይኑን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው።

«ምን ልስጥህ የኛማል አባት?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ምንም ጋሽ ሰይድ። ለጥናት ነው የመጣሁት።»

«የምን ጥናት?»

«የኃጢአት።»

«እንግዲያው ቁጭ በል፤ ረጅም ነው» ብለው የዘይት ካርቶን አቀረቡልኝ።

ደብተሬ አሁንም ስላለ የጻፍኩትን መካድ አልችልም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገጹን ለሁለት ከፍዬ በአንድ በኩል «ውሸት»፣ በሌላው «ሐሜት» ብዬ ጭረት እያደረግሁ ቆጠርኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጭረቱ ጠፍቶ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መጥቷል፤ «የወርቅ ሐብሉን ደርያ ቦርሳ ውስጥ የከተተችው ሴት ዛሬ ቤተ ሰቡ መሐል ተቀምጣ ሳቀች። እንዴት ያስችላታል?» ይላል። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ የደርያን ንጽሕና የሚያውቀው ከማል በመኪና አደጋ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ፣ «ከማል ሆይ ንቃ!» ብዬ ጽፌ ቃለ አጋኖ አድርጌበታለሁ። አንድ ሳይሆን ሦስት።

ያን ቀን ከማል ጣቱን ሊያንቀሳቅስ ሲል አዛን ተሰማ። ጋሽ ሰይድ ተነሱ። የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን አንስተው በሰው እግር መካከል እየተራመዱ ወጡ።

«ጋሽ ሰይድ! ሊነቃ እኮ ነው!» አልኳቸው።

«ይንቃ። ድራማው ሰኞ ጠዋትም ይደገማል» አሉ ሳይዞሩ። «ሶላቱ ሰዓት አለው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ተነስቶ ቤቱ ይገባ ነበር። እኔ ግን የተነሱበትን ካርቶን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረብ ስላለ ያዝኩት። ቀንድ እንዳለው አድርጌ ስፈራው በኖርኩት ነገር ፊት ማንም ሳያስገድደኝ ስቀመጥ፣ ማንንም ያልከለከሉት ሰውዬ ግን ጥለውት ወጡ። ይህን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም።

ምሽት ምሽት በአሥራ ሁለት ሰዓት ግን ሕጌን አላጎደልኩም። መጽሐፍ ቅዱሱ ይገለጣል፤ እኔ አነብባለሁ፤ ጆሮዬ መንገድ ተሻግሮ ይሄዳል። አንድ ቀን ኛማል «አባ፣ ይሄን ገጽ አሁን አንብበኸዋል» አለችኝ። ደጋግሞ ማንበብ ጠቃሚ ነው ብዬ መለስኩላት።

በአራተኛው ቅዳሜ ከማል ነቃ።

በማግስቱ እሑድ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሰባኪ መጣ። ቀጭን፣ ሸበቶ፣ ሲናገር እጁን የማያወራጭ ሰው ነው። እንደ ልማዳችን አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገራል፣ ቆም ይላል፣ እኔ በኑዌርኛ እመልሰዋለሁ። የአስተርጓሚ ደንብ ሰባኪው «እኔ» ሲል «እኔ» ማለት ነው፤ አፉ ነህና። ይህ ደንብ ያን ቀን ምን እንደሚያመጣብኝ አላወቅሁም።

«ዛሬ የምነግራችሁ የራሴን ታሪክ ነው» አለ።

«ዛሬ የምነግራችሁ የራሴን ታሪክ ነው» አልኩ።

«ወጣት ሳለሁ ባልሠራሁት ወንጀል ታሰርኩ።»

ይህንንም በትክክል መለስኩት። ግን «ታሰርኩ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ሲደርስ ሐሳቤ እንደ ባጃጅ ድንገት ታጠፈ። ደርያን አየኋት። ግራጫ ልብሷን አየሁ።

«ዕቃ ሰርቀሃል አሉኝ።»

«ዕቃ ሰርቀሃል አሉኝ፤» አልኩ በኑዌርኛ፣ «የወርቅ ሐብሉን ቦርሳዬ ውስጥ የከተተችው ግን አማቴ ነበረች።»

ከሴቶቹ መቀመጫ የማማ ኛቦል ድምፅ መጣ። «አማቷ አይደለችም! የባሏ እኅት ናት!»

«ልክ ነሽ፣ የባሌ እኅት ናት» አልኩ።

ይህን ያለው አፌ ነው፤ እኔ ገና አልደረስኩም። ወጣቶቹ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚሰሙ ፊታቸውን በመዝሙር መጽሐፍ ሸፈኑ። ሰባኪው ሕዝቡ ከታሪኩ ጋር ሆኖ መልስ እየሰጠ መሰለውና ፊቱ በራ።

«እናቴ በየሳምንቱ እስር ቤቱ በር ላይ እየመጣች ታለቅስ ነበር። ንጹሕ መሆኔን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከእኔ ሩቅ ነበር።»

ሁለት ዐረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣ የመጀመሪያው ይጠፋብኛል። «ንጹሕ መሆኔን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤» አልኩ፣ «እሱም ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አሁን ግን ነቅቷል!»

«የዓርቡን አትንገረን!» ብላ አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እኛ የምናየው ሰኞ ጠዋት ነው!»

ከዚያ ድምፅ ጋር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። የኛማል እናት ናት። በየማለዳው ወደ ትየርኪዲ ስሄድ ራሷን ተከናንባ «ጌታ ይከተልህ» የምትለኝ ሴት፣ ጌታ ሲከተለኝ እሷ የት እንደምትሄድ በዚያች ሰከንድ ገባኝ። ሽማግሌዎቹን ተመለከትኩ። አራቱም ወለሉን እያዩ ነው። ወለሉም ገባኝ።

«ምን አሉ?» አለኝ ሰባኪው ፊቱ በርቶ።

ወንድሞቼ፣ እዚህ ላይ መዳን ይቻል ነበር። ክሊኒክ ውስጥ አንድ ቀን የመድኃኒት ሰዓት ተሳስቼ ተናግሬ ሐኪሙን ይቅርታ ጠይቄ በሽተኛዋን መንገድ ላይ ሮጬ የደረስኩባት ሰው ነኝ። «ተሳስቻለሁ» ማለትን አውቃለሁ።

«አሜን አሉ» አልኩት።

ሰባኪው ዐይኑ እንባ ሞላ። «እኔን የፈታ አምላክ ዛሬም ይፈታል። ያለ ጥፋቱ የታሰረ ያላችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እንጸልይለታለን» አለ። ይህችን በትክክል አስተረጎምኩ፤ ምነው በዚህችም በተሳሳትኩ! ማማ ኛቦል በምርኩዟ እየተደገፈች መጣች።

«ስሙ ማን ነው የታሰረው?» አለኝ ሰባኪው።

ጠየቅኋት። «ደርያ» አለችኝ።

«ደርያ» አልኩት። ስም አይተረጎምም።

«ምን ትሆናቸዋለች?»

«የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ ግን እንደ ልጄ ናት። ስታለቅስ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች ማማ ኛቦል፤ እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል። ይህን ቃል በቃል ነገርኩት። አንዲትም አልጨመርኩበትም።

ሰውዬው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ። ታስሮ የሚያውቅ ሰው ለታሰረ ሰው ሲጸልይ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ድምፁ ከደረቱ አልነበረም፤ ከዚያ በታች ነበር። «ጌታ ሆይ ደርያን አስባት። በሩን ክፈትላት። የዋሹባትን ሰዎች ልብ መልስ።» ሕዝቡም «አሜን!» አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ዝናብ ጸልየናል፣ ስለ ሰላም ጸልየናል፣ ስለ በሽተኞቻችን ጸልየናል፤ እንዲህ ያለ አሜን ግን ከቆርቆሮው ሥር ወጥቶ አያውቅም። ጣሪያው ላይ የነበሩት አባ ኮዳ ወፎች ተነስተው በረሩ።

ሁሉንም ተውት። የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ እኔም ብያለሁ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ ጣቶቼን ጨብጬ፣ ሰኞ እንድትፈታ ከልቤ ለምኜ «አሜን» ብያለሁ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም ነበር። ዐይኔን ስገልጥ ከኋላ፣ የተቀጡ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ኛማልን አየኋት። ከሕዝቡ ሁሉ የተዘጋው አፍ የእሷ ብቻ ነበር። እየሳቀች አልነበረም። እኔን ነበር የምታየው።

ሰባኪው ሲወጣ አቀፈኝ። «ይህን ምስክርነት በየሄድኩበት ስናገር ሰው ዝም ነው የሚለው» አለኝ። «እንደዛሬ ተቀብሎኝ የሚያውቅ የለም።»

«ክብር ለጌታ ይሁን» አልኩት። ሁለተኛው ውሸት።

ማክሰኞ ሽማግሌዎች ተሰበሰብን። ቆሜ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ደብተሬንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ደብተሩን እየተቀባበሉ ገለጡት። በመጨረሻ ወንድም ኮንግ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከማል የእውነት ነቃ?» አለኝ።

ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። «ቅጡኝ» አልኩ። «ልጄን በቀጣችሁበት ሕግ ቅጡኝ።»

«ሕጉ የወጣቶች ነው» አለ አንዱ።

«ደግሞ ሰባኪው የኢታንጉ ጉባኤ ላይ ልምጣ ብሏል። አንተ ከተቀመጥክ ማን ያስተረጉማል?» አለ ሌላው።

«እንግዲያው የእሷን አንሱላት።»

ወንድም ኮንግ ደብዳቤውን ከፋይሉ አውጥቶ ወደ እኔ ገፋው። ለሥርዓቱ አስቦ እንጂ ሊጎዳኝ ብሎ አልነበረም። «ይህን ብናነሳ የሌላውም ልጅ አባት ነገ ይመጣል። 'አንድም ቀን አይቀነስም' ያልከው አንተ ነህ። አስምረህበታል እኮ።»

በጣም የሚያምር መስመር ነበር። በማስመሪያ ነበር ያሰመርኩት።

ከስብሰባው እንደወጣሁ ለሰባኪው ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ነበር። አልጮኸም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እናቴ በር ላይ እየመጣች እንዳለቀሰችው… እሱን አልሰሙም ማለት ነው?»

«አልሰሙም» አልኩት።

መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ አላወቅሁም። ደግሜ አልደወልኩም።

ያን ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤተ ሰቤን ሰብስቤ፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ ፋንታ ደብተሩን አነበብኩላቸው። ከጭረቶቹ ጀምሬ እስከ «ከማል ሆይ ንቃ!»። ቃለ አጋኖዎቹን ጭምር። ባለቤቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አወረደች። ከማዶ የሱቁ ዜማ «ሆ… ሆ…» እያለ ገባ፤ ማናችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ልናሸንፈው አልሞከርንም።

«ኛማል፣» አልኩ፣ «በድያለሁ። ያን ቀን ክብሪት ይዘሽ ስትቆሚ ማየት አምሮሽ ነበር?»

«አምሮኝም ነበር» አለች። ልጄ አትዋሽም። «የቆምኩት ግን ማማ ኛቦል ይዛኝ ነው። አማርኛ አትሰማም። 'ምን አለች? ምን አለች?' እያለች ቀሚሴን ስትስበኝ አስተረጎምኩላት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝም አባ።»

ለማይሰማ ሰው ቃል ማድረስ አገልግሎት ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ሆና ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጣት። የእኔን ሥራ ስትሠራ ነበር የያዝኳት። እሷ ደግሞ ከእኔ በተሻለ ነው የሠራችው፤ ስለ ደርያ ስትናገር ደርያን ብቻ ነው የተናገረችው።

«አንድ መዝሙር ዘምሪልን» አልኳት። ድምፄ ልመና ነበረው፤ ቤቴ ውስጥ ለምኜ አላውቅም። «ድምፅሽ… ጠዋት ጠዋት እሰማው ነበር። በርሜሉ ግማሽ እስኪደርስ ተኝቼ እሰማው ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ደስ ይላታል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሦስት ወሩ አልሞላም አባ» አለች። ጥጋብ የለበትም፤ ልክ እኔ እንዳሳደግኋት፣ ጀርባዋን አቅንታ ነው ያለችው። «አንድም ቀን አይቀነስም ተብሏል።»

ጉባኤው ካለፈ በኋላም እንኳን ከቅጣቱ ገና እሑዶች ይቀራሉ። ኢታንግ ላይ የእሷን ቦታ ሌላ ልጅ ትይዘዋለች፤ እኔ ግን መድረኩ ላይ ቆሜ አፌን እከፍታለሁ፤ የሚከለክለኝ ሕግ አላገኘሁም። እግዚአብሔር ይቅደም ስል ኖሬ ፊት ፊቱን ስሄድለት የነበርኩት እኔ ነኝ። አሁንም በአሥራ ሁለት ሰዓት ቃሉን እገልጣለሁ፤ ሁሉም በሰዓቱ ይቀመጣሉ፤ የማን ሐሳብ የት እንዳለ ግን አላውቅም። ስለ ራሴም እርግጠኛ አይደለሁም።

ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ግን ጀሪካን ሲገለበጥ ሰማሁ፤ ከእሱም ጋር ድምፅ። አልጋዬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ኛማል ናት። በርሜሉ ባዶ ስለሆነ ድምጿ ከጥልቅ ይመጣል። ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ። ባዶ እግሬን ወጥቼ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

ቃል የለውም። «ሆ… ሆ…» ነው የምትለው። የደርያ ዜማ ነው።

መዝሙር አይደለምና ደብዳቤዬ አይከለክለውም። ልጄ ሕጌን አልጣሰችም፤ የተረፈላትን ነው የዘፈነችው። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ግን የልጄ ድምፅ ነው፤ ስንት ማለዳ ናፍቄው የነበረው ያው ድምፅ ነው፤ ውሃውም ከፍ እያለ፣ እየቀረበ፣ እየጠራ መጣ።

ልቆጣ ወይስ አሜን ልበል ስል በርሜሉ ሞላ።